ከንጉሡ ጋር የተዘጋብን ቀን

ባሌ ማንቱንና ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ደኩዋን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቃል ሳይለዋወጡ ኖረዋል። ያውም አንድ ግቢ ውስጥ። የእኛ ቤት ብሎክ ሦስት ነው፣ የእሳቸው ብሎክ አምስት። ጠዋት አትክልት ተራ ሲገናኙ አንዱ ጎመን፣ ሌላው ሽንኩርት እያገላበጠ ጀርባ ለጀርባ ይቆሙ ነበር። ማንቱን የወንድሙን ስም አይጠራም፤ «ያ ሰውዬ» ነው የሚላቸው። «ያ ሰውዬ ዛሬ ሲያነክስ አየሁት፤ ጉልበቱ ብሶበታል መሰለኝ» ይለኛል ሾርባውን እያማሰለ። «ሄደህ አትጠይቃቸውም?» ካልኩት ማንኪያውን አስቀምጦ ይነሳል።

ጠቡ የመጣው ከጥጃ ተራራ ነው። ድሮ መንደራችን የተራራው ወገብ ላይ ነበር። አንድ ቀን ድንጋይ ፈላጮች አለቱን ሲመቱ መዶሻቸው ባዶ ነገር ላይ አረፈ። ቀዳዳውን ሲያሰፉት እንደ ቤት የተጠረበ ክፍል አገኙ። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የነበረ ንጉሥ መቃብር ነው ተባለ። ባለሙያዎች መጡ፣ አጥር ታጠረ፣ መንደሩ ይነሳ ተባለ። የምንነሳው እኛ በሕይወት ያለነው ብቻ አልነበርንም፤ ከመንደሩ በላይ የተቀበሩት ሙታንም አብረው ይነሱ ተባለ።

ያን ጊዜ እኔና ማንቱን ደቡብ አገር ጫማ ፋብሪካ ነበርን። የእናታቸውን አጥንት አውጥተው አዲሱ መካነ መቃብር ያሳረፉት ጋሼ ደኩዋን ብቻቸውን ናቸው። ለአዲስ ዓመት ስንመለስ የመቃብሯ ጉብታ የለም፣ አጠገቡ የነበረው የኮክ ዛፍ የለም፤ ዶዘር የረገጠው ቀይ ጭቃ ብቻ ነው ያለው። ማንቱን ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ ወንድሙ ደጃፍ ቆሞ፣ «እናቴን ከአፈር ስታወጣት እኔ እንድኖር አንድ ሳምንት መጠበቅ አቃተህ?» አላቸው። ጋሼ ደኩዋን መሬት መሬት አዩ። ዝምታው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

እኛ ሚስቶቹ ግን አልተጣላንም። የጋሼ ደኩዋን ሚስት ሁዋንዲ የሠራችውን ጂያኦዚ በሳህን ከድና ብሎክ አራት ደረጃ ሥር ታቀብለኝ ነበር። ማንቱንም ከየት እንደመጣ እያወቀ፣ ሳይጠይቅ፣ አንዱን የስጋ ጥቅልል በሌላው ላይ እያስከተለ ይጨርሰዋል። ሁዋንዲ አምና በብርዱ ወራት በሳንባ ሕመም ሞተች። ልትሞት ሳምንት ሲቀራት ሰዉን ሁሉ ከክፍሉ አስወጥታ ስለ አማታችን መቃብር አንድ ነገር ነገረችኝ። «ዩንጂ፣ እኔ ይዤው መሄድ አልቻልኩም፤ አንቺ ያዥልኝ» አለችኝ። ምነው እምቢ ባልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከባሌ ጋር ገበታ በቀረብኩ ቁጥር ዓይኔን ከሳህኔ አላነሳም ነበር።

በቀብሯ ዕለት ማንቱን ነጭ ጨርቅ ክንዱ ላይ አስሮ እስከ ብሎክ አምስት ሄደ። ደረጃው ሥር ሲደርስ ቆመ። አልወጣም። አስከሬኑ እስኪወርድ ሁለት ሰዓት በብርድ ቆሞ፣ ሲያልፍ አጎንብሶ፣ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የሰፈራችን ኮሚቴ የሙዚየም መግቢያ ትኬት አደለ። ተራራው ሥር ያለው ሙዚየም ለዓመታት ሲጠገን የቆየውን ጄድ ከሚባለው የከበረ ድንጋይ የተሠራውን የንጉሡን ልብስ ለሕዝብ ሊያሳይ ነው፤ የድሮው መንደር ሰዎች ቅድሚያ ይግቡ ተባለ። ማንቱን መጀመሪያ፣ «የንጉሥ ከፈን አይቼ ምን ላተርፍ?» ብሎ ነበር። ኋላ ልቡን የለወጠው ለልብሱ ጓጉቶ አይደለም። መቃብሩ ውስጥ ከገባ የእናቱ ጉብታ የነበረበትን ቦታ ከታች ሆኖ መገመት እንደሚችል ስላሰበ ነው። አውቶቡሱ ላይ ስንወጣ ጋሼ ደኩዋን ከፊት ወንበር፣ ዱላቸውን በጉልበቶቻቸው መሃል አድርገው ተቀምጠዋል። ማንቱን አያቸውና አልፎ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ልብሱን አየነው። መስታወት ውስጥ በጀርባው ተኝቷል፤ አረንጓዴ፣ ከራስ እስከ እግር ጣት በወርቅ ክር የተሰፋ። ውስጡ ሰው የለም፤ ግን ሰው ይመስላል፤ ሆዱ እንኳ ትንሽ ገፋ ብሏል። አስጎብኚያችን ሩዋን የምትባል ቀጭን ልጅ ናት። «ሁለት ሺህ ሦስት መቶ የጄድ ቁራጭ ነው» አለችን። «እያንዳንዷ ቁራጭ ከጀርባዋ ቁጥር አላት። ንጉሡ እንዳይበሰብስ ተብሎ ነው የተሠራው።»

«ታዲያ አልበሰበሰም?» አለ አንድ ወፍራም ሽማግሌ። የእኛ ሰፈር ሰው አይደለም፤ ከሰሜን የመጣ ጡረተኛ ባቡር ነጂ ነው። የሱፍ ፍሬ እየቆረጠመ ከኋላችን ተቀላቅሎ ነበር።

«በስብሷል አባባ። ጥቂት ጥርስ ነው የተገኘው።»

«ይህን ሁሉ ድንጋይ ለብሶ!» አለ ባቡር ነጂው። «የእኔን ጥርስ ሐኪም በነፃ ነው የነቀለልኝ።»

ሁሉም ሳቀ። ማንቱን ብቻ አልሳቀም፤ ቁጥሮቹን ለማየት አንገቱን እያሰገገ ነበር።

ከዚያ ወደ መቃብሩ ገባን። መተላለፊያው ለሁለት ሰው ትከሻ የሚበቃ፣ ጣሪያው እጅ ሲዘረጋ የሚነካ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ተራራው ሆድ የሚገባ ነው። ግድግዳው ላይ የመሮ ጭረት ጥርት ብሎ ይታያል። ውስጡ ማድ ቤት አለ፣ የውሃ ጉድጓድ አለ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት አለ፤ ከአለት የተፈለፈለ ሽንት ቤት ሳይቀር አለ። መጨረሻ ላይ፣ ሦስት ደረጃ ከፍ ብሎ፣ የንጉሡ ሣጥን የነበረበት ክፍል ነው።

ሌሎቹ ጎብኝተው መውጣት ጀመሩ። ማንቱን ግን ጣሪያውን እያየ፣ ርምጃውን እየቆጠረ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። «እዚህ ላይ ነው» አለኝ በመጨረሻ። «ከበሩ ሰባ ርምጃ፣ ወደ ግራ አሥር። ኮኩ እዚህ ላይ ነበር ዩንጂ። እሷም ከጎኑ።» ጋሼ ደኩዋን ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ቀጥሎ ያለው ክፍል አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበርና ሰምተውታል፤ ዱላቸው ድንጋዩ ላይ ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ባቡር ነጂው ሽንት ቤቱን በስልኩ ፎቶ እያነሳ ነው።

ነጎድጓዱ መጣ። እዚያ ውስጥ ሲሰማ ነጎድጓድ አይመስልም፤ ከራስ በላይ ከባድ ቁም ሣጥን የሚጎትቱ ነው የሚመስለው። መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ። ሩዋን ሌሎቹን አስወጥታ እየሮጠች ተመለሰች። «አባባ፣ እማማ፣ ቶሎ እንውጣ! ዝናቡ በርትቷል!»

ወጣን፤ ግን በጋሼ ደኩዋን ጉልበት ልክ ነው የወጣነው። ማንም ጥሏቸው አልሮጠም። ማንቱን እንኳ ከኋላቸው ሆኖ፣ ሳይነካቸው፣ ርምጃውን አሳጠረ። በሩ ሃያ ርምጃ ሲቀረን መብራቱ ጠፋ። ከፊታችን ብረት እየተንኳኳ ወረደ፤ ውሃ ሲመጣ በራሱ የሚዘጋው በር ነው። ቀጥሎ ከውጭ አንድ ትልቅ ነገር መጥቶ በሩን ገጨው። እግሬ ሥር ያለው ድንጋይ ተንቀጠቀጠ። ሩዋን የእጅ ባትሪዋን ስታበራ ብረቱ ወደ ውስጥ ጎብጧል፤ ከሥሩ ቢጫ ውሃ እየሾለከ ነው።

ልጅቷ የእጅ ሬዲዮዋን ጆሮዋ ላይ ለጠፈች። ስታወራ ድምፅዋን ለማረጋጋት ትታገላለች። «የተራራው ጥግ ተንዷል» አለችን። «የወጡት ሁሉ ደኅና ናቸው። በሩ ላይ ጭቃና ድንጋይ ስለተቆለለ በማሽን ማንሳት አለባቸው። ውሃ ወደማይደርስበት፣ ወደ ላይኛው ክፍል ተመለሱ ብለዋል።»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አልኳት።

«ሁለት… ምናልባት ሦስት።»

የጨረሰው አምስት ነው።

ስለዚህ ወደ ንጉሡ ክፍል ተመለስን። ሌላ ከፍ ያለ ቦታ የለም። ጥግ ላይ አንዲት የአደጋ ጊዜ መብራት አረንጓዴ ብርሃን ትሰጣለች፤ በዚያ ብርሃን ሁላችንም የዚያን ልብስ ቀለም ይዘናል። ስልካችንን አወጣን፤ ኔትወርክ የለም። ማንቱን በአንዱ ግድግዳ፣ ጋሼ ደኩዋን በሌላው ግድግዳ ተቀመጡ። በመካከላቸው አራት ርምጃ አይሞላም። ገበያ ላይ ቢሆን አንዱ ዞር ብሎ ይሄድ ነበር።

«አርባ ዓመት ባቡር ነድቻለሁ» አለ ባቡር ነጂው፣ ከፌስታሉ ሁለት ኪያር አውጥቶ ለአምስት እየቆራረጠ። «ስንቱን ዋሻ ገብቼ ወጥቻለሁ። ዋሻ ውስጥ መቆም ግን ያኔም አልወድም ነበር።» ኪያሩን ለሁሉም አደለ። «ብሉ፤ ንጉሡ ጋብዞን የለ!»

«አባባ፣ እዚህ ውስጥ መብላት ክልክል ነው» አለች ሩዋን ሳታስበው። ቀጥላ ኪያሩን ተቀበለችና አብራን ሳቀች። ሳቋ አጭር ነበር።

አንደኛው ሰዓት በወሬ አለፈ። በሁለተኛው ሙቀቱ መጣ። ግድግዳው ማላብ ጀመረ፤ ጀርባዬን ሳስደግፍ ልብሴ ይረጥባል፣ ስነሳ ደግሞ ራሴን ያዞረኛል። አየሩ ያው ራሳችን የተነፈስነው ሆኖ ተመልሶ የሚመጣብን ይመስላል። ሩዋን «መተንፈሻ ቀዳዳ አለ፣ አየር አያልቅም» ትላለች፤ አምናታለሁ፤ ደረቴ ግን አያምናትም። ጣሪያውን ላለማየት እጄን አየሁ። እጄን ሳይ የሁዋንዲን እጅ አስታወስኩ፣ እጄን ጨብጣ «ያዥልኝ» ያለችውን። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጨፍኜም ያው ነው።

ባቡር ነጂው ተነስቶ፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ታችኛው ክፍል አየ። «ልጄ፣ ያ ሽንት ቤት ይሠራል?»

«አባባ! እሱ ቅርስ ነው!»

«ሁለት ሺህ ዓመት ማንም አልተጠቀመበትም ብለሽናል። እኔ ልመርቀው እንጂ ላበላሸው አይደለም።»

«በውሃ ጠርሙስ ይጠቀሙ፤ እባክዎ አባባ። ከሥራ ያባርሩኛል!» ልጅቷ ወደ ማልቀሱ ስትቃረብ ሰውየው ጠርሙሱን ይዞ እያጉረመረመ ወረደ። እንዲህ ያለ ነገር ባይኖር ኖሮ እዚያ ቦታ ላይ እብድ ነበር የምሆነው።

በሦስተኛው ሰዓት አረንጓዴዋ መብራት ደከመች፣ ደከመች፣ ጠፋች። ሩዋን ባትሪዋን ለመቆጠብ አጠፋችው። እንደዚያ ያለ ጨለማ አይቼ አላውቅም። ዓይን ሲለምደው የሚሳሳ ጨለማ አይደለም። ሰው የሚታወቀው በትንፋሹ ብቻ ነው፤ ከትንፋሾቹም አንዱ የጋሼ ደኩዋን ነበር። እየተቆራረጠ፣ እያፏጨ።

«ማንቱን» አሉ።

ይህን ስም ከእሳቸው አፍ ከሰማሁ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው።

«ማንቱን፣ አለህ?»

«የት እሄዳለሁ?» አለ ባሌ።

«እዚህ ከሞትኩ ሳልነግርህ መሞቴ ነው። እዚያ አዲሱ መቃብር ውስጥ ያለችው እናታችን ትሁን አትሁን አላውቅም።»

ባቡር ነጂው እንኳ የሱፍ ፍሬውን መቆርጠም አቆመ።

«ዝናብ ነበር» አሉ ጋሼ ደኩዋን። «እንደ ዛሬው። ፋብሪካችሁ ሦስት ጊዜ ደውያለሁ፤ ስልክ የሚያነሳው ዘበኛ እነግራቸዋለሁ ይለኛል። እስክትመጣ ልጠብቅህ ብዬ እስከ መጨረሻው ቀን ሳልነካት ቆየሁ። በመጨረሻው ቀን ዶዘሩ ከላይ ጭቃው አንሸራተተውና ሁለት ጉብታ ይዞ ወረደ። የእኛንና የጎረቤቶቻችንን የጻኦዎችን ሴት አያት። ሣጥኖቹ በስብሰው ነበር። አጥንቱ ጭቃው ውስጥ ተደባለቀ። እኔና ሽማግሌው ጻኦ ተንበርክከን በእጃችን ለቀምን።»

«ግራ ክንዷ ተሰብሮ የገጠመ ነበር» አለ ማንቱን። ድምፁ እንግዳ ነው፣ እንደ ሐኪም። «ከኮኩ ላይ ወድቃ።»

«እሱን ነው የፈለግሁት። የስብራት ምልክት ያለበት አጥንት ግን አልተገኘም።»

«ጥርሷስ?»

«ሁለቱም አሮጊቶች ነበሩ ማንቱን። ሁለቱም ጥርስ አልነበራቸውም።»

«የብር ጉትቻዋስ?»

«በእጄ አፈሩን አንድ በአንድ ነፋሁት። አላገኘሁም። ሲመሽ ሽማግሌው ጻኦ ሁለት ቀይ ጨርቅ አመጣ። ለሁለት ከፈልናቸው። ይቺ የእኔ ትሁን፣ ያቺ ያንተ አለኝ። ለማንም እንዳንናገር ተማማልን።»

ማንቱን ተነሳ። ልብሱ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። መሄድ ጀመረ፤ ሰው ሲናደድ በሩን በርግዶ እንደሚወጣው ነው የሄደው። ሦስት ርምጃ። ከዚያ ግንባሩ ከግድግዳው ጋር ሲጋጭ የሚዘገንን ድምፅ ተሰማ። ሩዋን ባትሪውን አበራች። ባሌ ፊቱን ወደ አለቱ አዙሮ ቆሟል፤ ደም በቅንድቡ ላይ ይወርዳል። በግራ ግድግዳ፣ በቀኝ ጎብኚ እንዳያልፍ የተወጠረ ገመድ፣ ከኋላው ወንድሙ። የሚሄድበት አጣ።

«በየጸደዩ መቃብሯን ስጠርግ» አለ ለግድግዳው፣ «ወይን ሳፈስ፣ ስሰግድ፣ የልጄን ፈተና ውጤት ስነግራት፤ ለማን ነው የነገርኩት?»

«እኔም የነገርኩት ለዚያው ነው» አሉ ጋሼ ደኩዋን።

«ቸኩለህ አወጣሃት ብዬ ስጠላህ ለምን ዝም አልከኝ?»

«በእሱ ብትጠላኝ ይሻላል ብዬ ነው። ያኛው ጥል ቀለል ይል ነበር።»

ማንቱን ዘወር አለ። ወደ ባዶው የሣጥን ቦታ አየ። «ለዚህኛው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ድንጋይ ቆጥረው በየጀርባው ቁጥር ጽፈውለታል» አለ። «የእናቴን አጥንት የሚቆጥር ጠፋ።»

ሩዋን ላለማልቀስ እየታገለች፣ «አባባ» አለች። «ይህን ለጎብኚ መናገር የለብኝም። ንጉሡም ማን እንደሆነ በእርግጥ አይታወቅም። ሰሌዳው ላይ ስም ጽፈናል፤ ሊቃውንቱ ግን አባትየው ነው፣ ልጅየው ነው እያሉ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔ በቀን አራት ጊዜ ስሙን እየጠራሁ አስጎበኛለሁ።»

ሩዋን ባትሪዋን መልሳ አጠፋች። ማንቱን ተቀመጠ፤ ከእኔ አጠገብ ግን አልነበረም።

ከተቀመጠበት ሆኖ፣ «ዩንጂ» አለኝ።

«እ።»

«አንቺ አይጥ ስታዪ ሦስት ፎቅ የሚሰማ ጩኸት የምትጮኺ ሴት ነሽ። ያ ሰውዬ ይህን ሲናገር ትንፍሽ አላልሽም።»

ጨለማው ያዳነኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሱ ሳያየኝም ያየኛል።

«ታውቂ ነበር?»

«ሁዋንዲ ነገረችኝ» አልኩት። «ልትሞት ስትል።»

«ከጥር ጀምሮ» አለ። ቀጥሎ ወራቱን በጣቱ ሲቆጥር፣ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ሲያርፉ ሰማሁ። ሰባት ጊዜ። «አብረን በላን» አለ። «አብረን ተኛን። በጸደይ መቃብሩ ድረስ ይዘሽኝ ሄድሽ፤ አበባውን ያሰርሽው አንቺ ነሽ።»

«እንዴት ብዬ ልንገርህ? በምን አፌ?»

«ይኸው በዚህ በምታወሪበት አፍሽ።»

ቀጥሎ ያለው ሰዓት ከሁሉም ረዘመብኝ። ሰው ቤቱ ቢሆን ማድ ቤት ይገባል፣ ሳህን ያጥባል፣ ጎረቤት ይሄዳል። እኔ የምታጠብ ሳህን የለኝም። ባሌ ሁለት ርምጃ ላይ ተቀምጦ ሲተነፍስ እሰማለሁ፤ እሱም እኔን ይሰማል፤ ማናችንም መውጫ የለንም። ተራራው ሁሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠ መሰለኝ። ልጩህ አልኩ። ጩኸቴ ተመልሶ እኔኑ እንደሚመታኝ ሳስብ ተውኩት።

ድንገት የጋሼ ደኩዋን ማፏጨት ቆመ። ዱላቸው ወድቆ ሲንከባለል ተሰማ። ሩዋን ባትሪውን ስታበራ ወደ ጎን ተዘንብለዋል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ከሁላችንም የቀደመ ማንቱን ነው። በአራት እግሩ እንደ ልጅ ድሆ ደረሰባቸው። የአንገታቸውን ቁልፍ ፈታ፣ ጭንቅላታቸውን ጭኑ ላይ አደረገ። ከባቡር ነጂው ፔርሙዝ ሻይ በክዳኑ ቀድቶ ከንፈራቸውን አረጠበበት። የሙዚየሙን መግለጫ ወረቀት አጥፎ ማራገብ ጀመረ። እጁ ሲዝል በሌላው ይለውጣል። ባቡር ነጂው «ላግዝህ ወንድሜ» ሲለው ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። እኔም ልቀርብ ብዬ ፈራሁ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ፣ ከተመለሰም በኋላ፣ በሩ እስኪከፈት ድረስ አራገበላቸው።

ከቀኑ ስምንት ተኩል ተዘግቶብን፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ከመተላለፊያው ጫፍ ብረት ሲቆረጥ ሰማን። ቀጥሎ ብርሃን ገባ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጭቃ በጭቃ ሆነው መጡ። ውጭ ዝናቡ ቆሞ፣ በሐምሌ ዘግይታ የምትገባው ፀሐይ ገና ልትጠልቅ ስትል ደረስን። ባቡር ነጂው መሬቱን ሁለት ጊዜ በጫማው ረገጠና ሽንቱን ለመሽናት ወደ ጥሻው ሮጠ። ጋሼ ደኩዋንን ቃሬዛ ላይ ሲጭኗቸው ማንቱን አብሮ አምቡላንስ ላይ ወጣ። ወደ እኔ አላየም። እኔን ቤቴ ያደረሰችኝ ሩዋን ናት።

ማንቱን ወንድሙን ይዞ ከሆስፒታል ሲወጣ «ያ ሰውዬ የሚያስታምመው የለም» ብሎ ልብሱን በፌስታል አድርጎ ብሎክ አምስት ገባ። ወንድሙን ይቅር ለማለት የፈጀበት አምስት ሰዓት ነው፤ እኔን ለማናገር አርባ ቀን ፈጀበት። አትክልት ተራ ላይ አሁን ጀርባውን የሚሰጠው ለእኔ ሆነ። ሽንኩርት እያገላበጥኩ ከኋላው ስቆም ሃያ ስድስት ዓመት ጋሼ ደኩዋን የቆሙበት ቦታ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ገባኝ።

በአርባ አንደኛው ቀን በሩን አንኳኳ፤ ቁልፍ እያለው። «ጻኦዎች ጋ እንሂድ፤ ሴት ስትኖር ይሻላል» አለኝ።

ሽማግሌው ጻኦ ሞተዋል። ልጃቸው ሊንዌይ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ ትሸጣለች። ጋሼ ደኩዋን ቆመው፣ ዱላቸው ላይ ተደግፈው፣ የመጡበትን ሲነግሯት መዳፏ ላይ የያዘችውን ቶፉ ሳታስቀምጥ አዳመጠች። ውሃው በክርኗ ይንጠባጠባል።

«አባቴም ሊሞት ሲል ነግሮናል» አለች። «ስምንት ዓመት ሆነው። እናንተ ዘንድ መምጣት ፈራን። መንገድ ላይ ሳያችሁ ወደ ሌላ መንገድ እታጠፍ ነበር።»

የእኛ ልጅ ይህን ሲሰማ ከከተማ ደወለ። አጥንቱን መርምረው የማን እንደሆነ የሚለዩ ባለሙያዎች አሉ፣ ናሙና ብቻ ነው የሚፈልጉት አለ። ማንቱን ስልኩን ተቀበለኝ። «እናቴን ደግሜ ከአፈር አላወጣትም» ብሎ ዘጋው።

ዘንድሮ በጸደይ መቃብር በሚጠረግበት ቀን ሁላችንም ወደ ሁለቱም መቃብር ሄድን። መጀመሪያ በእኛ ስም የተጻፈው ጋ፣ ቀጥሎ በጻኦዎቹ። ጋሼ ደኩዋን መንበርከክ ስለማይችሉ ቆመው አጎነበሱ። ማንቱን ሁለቱም ጋ ተንበርክኮ ሰገደ፤ ሁለተኛው ጋ ብዙ ቆየ። ሊንዌይ አጠገቤ ቆማ አፍንጫዋን ትጠርጋለች። ስንመለስ ወንድማማቾቹ በየትኛው አውቶቡስ እንሂድ በሚል ተጨቃጨቁ፤ ሁለቱም አውቶቡሶች አምልጠውን በእግራችን ተመለስን።

አሁን ይነጋገራሉ። ብዙ አይደለም፤ ስለ ጉልበት መድኃኒት፣ ስለ ቼዝ ጨዋታ፣ ፎቁ ላይ ስለሚያፈሰው ቧንቧ። ማንቱንም ወደ ቤቱ ተመልሷል። አንዳንዴ ግን እራት እየበላን ቾፕስቲኩን አየር ላይ ያቆምና «ሌላስ የደበቅሽኝ አለ?» ይለኛል።

«የለም» እለዋለሁ። እውነቴን ነው፤ የለም።

ያየኛል። እኔም አየዋለሁ። ከዚያ ሩዙን ይቀጥላል።